ማኅተም የተመታበት ባዶ ፕሮፎርማ መስጠት ሙስና ነው ወይስ ጉርብትና?

የቅዳሜ ገበያ ባለሱቅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ማክሰኞ የገጠመኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው መጣ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ጣሪያ ሊያስጠግኑ ነው፤ ቆርቆሮና ቀለም ይፈልጋሉ። ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዕቃ ዋጋ ሞልተን የምንሰጠውን ወረቀት፣ ጠየቀኝ። ዋጋውን ሞልቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ ፈርሜ ሰጠሁት። አየት አደረገና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ይቆይ፤ ሌላ ባዶውን ስጠኝ። ማኅተም ብቻ ምታበት። ዋጋውን እኔ እሞላዋለሁ። አሸናፊው አንተ ነህ» አለኝ። በአንድ ቆርቆሮ ላይ 150 ብር እንዲጨመር ፈልጓል። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሱ።

«ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልግ የለ፣ ሌሎቹስ ሁለቱ?» አልኩት። ቦርሳውን ከፈተና አሳየኝ። ሁለት ፕሮፎርማ። ማኅተም አላቸው፣ ፊርማ አላቸው፣ ዋጋ የላቸውም። አንዱ ማኅተም የጎረቤቴ ነው። በየቀኑ አብረን ቡና የምንጠጣ ሰው።

«ላስብበት» አልኩት። እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጠኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። መንግሥት ሙስናን እታገላለሁ ሲል በሬዲዮ ስሰማ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ሕጉ እኔን የሚያገኘኝ የት ላይ ነው? እምቢ ብል ማን ከጎኔ ይቆማል? ጎረቤቴስ ወንጀለኛ ነው ማለት ነው?

---

የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍከው። እኔ በመንግሥት ቤት ግዥና ፋይናንስ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ያሳየህን ወረቀት ዓይነት በእጄ ስንቴ እንዳገላበጥኩ አልነግርህም።

ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ መጀመሪያ እንግባባ። ግዥው ትንሽ ከሆነ ግልጽ ጨረታ ማውጣት ከዕቃው በላይ ጊዜና ወጪ ይወስዳል። ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት አቅራቢ ዋጋ ጠይቅ፣ ዝቅተኛውን ውሰድ ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሦስቱ ነጋዴዎች እርስ በርስ እየተፎካከሩ የሕዝቡን ብር ይጠብቁታል ከሚል እምነት የመጣ ነው።

ኦዲተሩ ሲመጣ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሦስት ፕሮፎርማ አለ? አለ። ማኅተም፣ ቲን ቁጥር፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ? ተሟልቷል። ዝቅተኛው አሸንፏል? አሸንፏል። ፋይሉ ተዘጋ። ቆርቆሮው ግን ገበያ ላይ ስንት እንደሚሸጥ ማንም ወርዶ አልጠየቀም።

አንድ ቀን ሦስት ፕሮፎርማ ቀረበልኝ። ሦስት የተለያዩ ሱቆች ናቸው። ሦስቱም ላይ ቁጥር 7 ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው። ሦስቱም ላይ «ጋልቫናይዝድ» የሚለው ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል። የአንድ ሰው እጅ ነው። ክፍያውን አልፈርምም አልኩ። ምክንያቴንም በጽሑፍ አስገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ደሞዜ አልተነካም። «ለሥራው ጥቅም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ።

እና እምቢ ካልክ ማን ከጎንህ እንደሚቆም የጠየቅከው ጥያቄ ከባድ ነው። እኔ ጋ ማንም አልቆመም። አሁንም ቢሆን ግን አልፈርምም ነበር።

---

ቀበሌ 18

እውነቱን ልንገርህ፣ ሁሉም ያደርገዋል። አንተ ባትሰጠው ከአንተ ሱቅ አልፎ አምስተኛው ሱቅ ይሰጠዋል። ልጆች አሉህ። የሱቅ ኪራይ አለብህ። ዕቃ በዱቤ ወስደሃል። ብቻህን ሀገር አታቀናም።

---

ጠበቃ ከፒያሳ

«ሁሉም ያደርገዋል» ፍርድ ቤት ውስጥ አያድንም፤ ስለዚህ ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሙስናን ሲያይ ዓይኑ በዋናነት የመንግሥት ሠራተኛው ላይ ነበር። በ2007 የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ወጣ። ይሄ አዋጅ የግሉን ዘርፍ አስገባ። «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚል ስም ሰጠው። ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር የግል ድርጅት ማለት ነው፣ አክሲዮን ማኅበርን ጨምሮ። የግል ባንክ ሠራተኛ ብድር ለመፍቀድ እጅ መንሻ ከተቀበለ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም» ብሎ አያመልጥም። የሃይማኖት ድርጅት፣ የፖለቲካ ፓርቲና እድር ከዚህ ትርጉም ውጭ ናቸው።

ያንተ ሱቅ ሕዝባዊ ድርጅት አይደለም። ይሄ ግን ነፃ አያወጣህም። ጉቦ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው። ዋጋ አስጨምሮ ግማሹን ለገዢው ሠራተኛ መስጠት ደግሞ ጉቦ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በዚያ ላይ የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴዎች በጨረታ ላይ እንዳይመሳጠሩ ከልክሏል። ባዶ ፕሮፎርማ እየሰጡ አንዱን ማሳለፍ የዚሁ መመሳጠር ታናሽ ወንድም ነው።

ጎረቤትህን በተመለከተ፣ የሚወስነው ምን አውቆ እንደሰጠ ነው። ወረቀቱ ለምን እንደሚውል ካወቀ ተባባሪ ነው።

የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ። እሱ ግን የተጻፈው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ ለሚችሉ ወንጀሎች ነው። የትንንሹ ግዥ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። በጎንደር ነጋዴ ላይ በየቀኑ የሚደርሰው ሙስና ትንሹ ነው። ጥበቃው የተዘጋጀው ለትልቁ ነው።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ዕድሜዬ ረዝሞ ብዙ «የፀረ ሙስና ዘመቻ» አይቻለሁ። ለወጣቶቹ ልንገራቸው ብዬ ነው።

የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ነው። ያኔ ጥርስ ነበረው። ራሱ ይመረምራል፣ ራሱ ይከሳል። በ2008 ምርመራውና ክሱ ከእጁ ወጣ። ክሱ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ምርመራው ለፖሊስ ሄደ። ኮሚሽኑ ማስተማር፣ መከላከልና የባለሥልጣን ሀብት መመዝገብ ቀረለት። ሀብት ምዝገባው ከ2002 አዋጅ ጀምሮ ያለ ነው። በ2013 ደግሞ ኮሚሽኑ በአዲስ አዋጅ እንደገና ተቋቋመ። በኅዳር 2015 ከዚህ ሁሉ በላይ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ ኮሚቴ ተሰየመ። በ2017 ምክር ቤቱ የንብረት ማስመለስ አዋጅ አጸደቀ።

እንግዲህ ሕግ የለም ልንል አንችልም። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በግንቦት 2005 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተርና ከእሳቸው ጋር ታዋቂ ነጋዴዎች ታሰሩ። ሀገሩ ሁሉ በሬዲዮ ዙሪያ ተሰበሰበ። በ2010 የዋና ዳይሬክተሩ ክስ ተቋረጠና ተፈቱ። ጥፋተኛም ነፃም የሚል ፍርድ አልሰማንም። ሰው ከዚህ ምን ይማራል? እስራቱም ፍቺውም ከፖለቲካው ንፋስ ጋር ይሄዳል ብሎ ይማራል። ስለዚህ ትልቁ ሲታሰር ትንሹ አይደነግጥም። ያንተ ሰውዬ ባዶ ወረቀት ይዞ ገበያ ለገበያ በጠራራ ፀሐይ የሚዞረው ለዚህ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ልጆች ሳስተምር አልወደውም ነበር። እንደ ምክር የሚሰሙት አሉና።

---

ምግብ ቤት ያለችው እናት

ጋሼ መምህር የተናገሩት እውነት ነው። ግን ልጁን ተስፋ አታስቆርጡት። እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

በ2009 ክረምት ያ የግብር የቀን ገቢ ግምት የመጣ ጊዜ ማራኪ አካባቢ ምግብ ቤት ነበረኝ። ሦስት ሰዎች መጡ። ወንበር ቆጠሩ። ወጥ ቤት ገብተው ድስት አዩ። «በቀን ስንት እንጀራ ያልቃል?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። የተገመተብኝን ቁጥር ሳይ እግሬ ከዳኝ። የዚያን ጊዜ በየከተማው ሱቅ የተዘጋው በዚሁ ምክንያት አልነበረ?

በማግስቱ አንድ የማውቀው ሰው ደወለ። ጉዳይ ገዳይ ነው። «እትዬ፣ 8,000 ብር አምጪና ግምቱ ይስተካከላል» አለኝ። ብሩ ነበረኝ። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ላደርገው ያስቀመጥኩት። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። በአርባ አራቱ ታቦት ልማልላችሁ፣ ልከፍል ተቃርቤ ነበር።

ጠዋት ግን ልጄ የሽያጭ ማስታወሻ ደብተሬን አየችው። ሁልጊዜ ማታ ማታ እጽፋለሁ። ዘይት ስንት፣ በርበሬ ስንት፣ ሽያጭ ስንት። «እማዬ፣ ይሄን ይዘሽ አቤቱታ አስገቢ» አለችኝ። አስገባሁ። ሁለት ወር ተኩል ተመላለስኩ። አንዱ ነገ ነይ ይላል፣ አንዱ ስብሰባ ነው ይላል። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ባለሙያ ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበበችው። ግምቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ሳንቲም አልከፈልኩም።

ልጄ፣ አንተም ጻፍ። ማን መጣ፣ መቼ መጣ፣ ምን አለ። ዛሬውኑ ጻፈው። ደብተር ባይኖረኝ ኖሮ እኔም ከፍዬ ነበር።

---

የመተማ መንገድ

እኔ ከመተማ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ዕቃ አመላልሳለሁ። ሰሊጥም፣ ሌላም። የማየው አንድ ነገር ነው። ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በበዛ ቁጥር እጅ የሚዘረጋበት ቦታ ይበዛል። ኬላ፣ ሚዛን፣ መጋዘን፣ ሰነድ ቤት። በየአንዱ ላይ የሚፈርም ሰው አለ። መኪናህ ሲቆም ሰሊጡ አይበላሽም ይሆናል። ሹፌሩ ግን ይከፈለዋል፤ የባንክ ወለዱም ይቆጥራል። ጉቦው ከመዘግየቱ ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚከፍለው። ሒሳብ ሠርቶ ነው።

አሁን ሰነዱ በኮምፒውተር መሆን ጀምሯል። የውጭ ንግድ ፈቃዶችን በአንድ መስኮት በኤሌክትሮኒክ ማስጨረስ በ2012 ተጀመረ። ንግድ ፈቃድ በኦንላይን ይታደሳል። ግብር በቴሌብር ይከፈላል። እነዚህ ለእኔ ከመቶ ስብሰባ ይበልጣሉ። ስብሰባ ላይ «ሙስናን እንጸየፋለን» ብለን እጃችንን አውጥተን እንመጣለን። ማታ ኬላው ላይ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያንን ሰው ከመሐል ያወጣዋል።

---

አዘዞ

የመተማ መንገድ ወንድማችን፣ በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን እኛ ጋ ምን ሆነ? በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። የኦንላይኑ ነገር ሁሉ ለነጋዴው ተዘጋ። ተመልሰን መስኮት ላይ ተሰለፍን። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ተመልሶ ጌታ ሆነ። ዋይፋይ ያለው ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ፈቃዱን በቀን ጨረሰ። የሌለው ሳምንት ተመላለሰ።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም «ሲስተም የለም» የሚል አዲስ ቃል ለምደናል። እውነት ሲስተም የጠፋበት ቀን አለ። ሲስተሙ ለአንዱ ጠፍቶ ለሌላው የሚሠራበትም ቀን አለ። ኮምፒውተር ብቻውን አያጸዳም። ሲስተሙ በስንት ሰዓት ጠፋ፣ በስንት ሰዓት ተመለሰ የሚለውን ደንበኛው ራሱ ማየት ካልቻለ፣ ያው ሰውዬው ነው በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው።

---

ኪጋሊ ያለሁ የጎንደር ልጅ

ሰባት ዓመት ሩዋንዳ ነኝ፣ በንግድ ላይ። ሩዋንዳ ኡሙቾ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት አላት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥውን እዚያ ላይ ያወጣል፤ አቅራቢው ዋጋውን እዚያ ላይ ያስገባል። ባዶ ወረቀት ይዞ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ወረቀቱ ራሱ የለም።

ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በ2023 እ.ኤ.አ. ለሩዋንዳ ከ100 53 ሰጣት፣ ለኢትዮጵያ 37። ይሄ ቁጥር ሰው ስለ መንግሥት ዘርፍ ሙስና ያለውን ግምት ነው የሚለካው እንጂ የተሰረቀ ብር አይቆጥርም። ያም ሆኖ ልዩነቱን እዚህ ሆኜ በሥራዬ ላይ አየዋለሁ። አገሩ ፍጹም ነው ለማለት አይደለም።

እኛም ጋ ተጀምሯል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ኤሌክትሮኒክ ግዥ እየገቡ ነው። በ2016 የወጣው አዲሱ የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 1333ም መንገዱን አጠናክሮታል። ጥያቄው ያ ነገር ወረዳ፣ ቀበሌና ትምህርት ቤት ድረስ መቼ ይወርዳል ነው። የባለሱቁ ሰውዬ ያለው እዚያ ታች ነው። ክልሎች የራሳቸው የግዥ ሕግ ስላላቸው ሥራው የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም።

---

የቅዳሜ ገበያ ባለሱቅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የርስዎን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩላት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሰውዬው መጣ። «የሞላሁልህ ዋጋ የእኔ ዋጋ ነው። ከፈለግህ እሱን አስገባ። ባዶ አልሰጥም» አልኩት። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ «ተጸጽተህ ትደውላለህ» አለና ሄደ። ስልክ ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኛል።

ግን መጀመሪያ ላይ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ጋሼ መምህርና ጠበቃው የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ መደበቅ አቃተኝ።

እኔም ባዶ ፕሮፎርማ ሰጥቻለሁ። ጉቦ አልተቀበልኩበትም። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የንግድ ጓደኛዬ መጣና «ፕሮፎርማ አበድረኝ፣ ሁለት ማሟያ ጎደለኝ» አለኝ። በእኛ መስመር ይሄ እንደ ስኳር መበዳደር ነው። ዛሬ እኔ እሰጠዋለሁ፣ ነገ እሱ ይሰጠኛል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ስድስት ወረቀት ገነጠልኩለት። በስድስቱም ላይ ማኅተም መታሁ። ያኔ ቡና እየጠጣን ነበር። ማኅተሙን ቀለም ላይ ተጭኜ ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጓደኛ የረዳሁ መስሎኝ።

ጎረቤቴን ወንጀለኛ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ ስለ ራሴ እየጠየቅሁ ነበር።

---

ጠበቃ ከፒያሳ

ይህን በአደባባይ መጻፍህ ቀላል አይደለም። ምክሬ፦ ዛሬውኑ ጓደኛህ ጋ ሂድና ወረቀቶቹን አስመልስ። ያልተመለሱ ካሉ በጽሑፍ «ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ያሉ ፕሮፎርማዎች ከእኔ ዕውቀት ውጭ ቢገኙ የእኔ አይደሉም» ብለህ ቀኑን ጠቅሰህ በእጅህ ያዝ። አንዱንም ቅጂ ለሚመለከተው ክፍል አስገባ። ቆይቶ «አላውቅም ነበር» ከማለት አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

---

የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ

እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ያየሁትን ልጨምር። ፕሮፎርማህን በቁጥር የታተመ ጥራዝ አድርገው፣ ከበስተኋላው ካርቦን ያለው። አንዱ ቅጂ ሁልጊዜ እጅህ ላይ ይቅር። ለማን እንደተሰጠ የመሥሪያ ቤቱን ስም ራስህ ጻፍ። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ቀን አስገባበት። ከመጨረሻው ዕቃ በታች ያለውን ባዶ ቦታ በሰያፍ መስመር ዝጋው። ማኅተሙን ዋጋው ላይ በከፊል እንዲያርፍ ምታው፣ ጠርዝ ላይ አይደለም። ይሄን የሚያደርግ ነጋዴ ሲመጣ እኛ ቢሮ ውስጥ «ይሄኛውስ አይመችም» ይባል ነበር። አይመችም የተባለበት ምክንያት ይገባሃል።

---

ያ ጎረቤት

አካውንት የከፈትኩት አሁን ነው። ልጄ ናት ያሳየችኝ። ማኅተሙን ቦርሳ ውስጥ ያየኸው ጎረቤትህ እኔ ነኝ።

ወንድሜ፣ ፊት ለፊት ልነግርህ አፍሬ ነው እዚህ የምጽፈው። አምና ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲሚንቶና ብረት በዱቤ ሸጥኩ። ክፍያው ሦስት ወር ዘገየ። አራት ወር ሆነ። እኔ ለአስመጪው ዕዳ አለብኝ። በተመላለስኩ ቁጥር «በጀት አልተለቀቀም» ይሉኛል። ያ ሰው ነው መጨረሻ ላይ ቼኩን ያስወጣልኝ። ገንዘብ አልጠየቀኝም። «አንድ ቀን ወረቀት ብፈልግ አትከለክለኝም» ብቻ አለኝ። መጥቶ ሲጠይቀኝ በምን አፌ ልከልክለው?

ሙስና የሚጀምረው ብር ሲቀበሉ ይመስለኝ ነበር። የእኔ የጀመረው የራሴን ገንዘብ ለማግኘት ደጅ ስጠና ነው። መንግሥት እውነት ሊታገል ከፈለገ ለነጋዴው ያለበትን ዕዳ በቀኑ ይክፈል። ያኔ ውለታ የሚያስቀምጥብን ሰው አይኖርም።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና በእኔ ነው። እንነጋገር።

---

ቀበሌ 18

ከላይ «ሁሉም ያደርገዋል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጎረቤትየውን ካነበብኩ በኋላ ቃሌን ማንሳት ፈለግሁ። የእኔም አባት ነጋዴ ናቸው። የሦስት ክረምት ክፍያ እንዳልተከፈላቸው አውቃለሁ። በምን መንገድ ሊያስከፍሉት እንደሚሞክሩ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

---

የቅዳሜ ገበያ ባለሱቅ

ቅዳሜ ጎረቤቴ ጋ ተገናኘን። ብዙ አላወራንም። መጀመሪያ ትንሽ ዝም ተባባልን። ከዚያ እሱ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ከዚህ በኋላ ሱቅ ውስጥ አይውልም፣ አብሮኝ ይመጣል አብሮኝ ይሄዳል አለ። በመስመራችን ያሉ ሌሎች አራት ሱቆችን አነጋገርን። ሦስቱ ተስማሙ። ባዶ ፕሮፎርማ ማበደር ቀርቷል፤ አንዳችን ጋ ባዶ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ለሌሎቹ እንደዋወላለን። አራተኛው «እስቲ እናያለን» አለ። አልፈረድኩበትም።

አዲሱን ጥራዝ ማተሚያ ቤት አዝዣለሁ። ቁጥር ያለው፣ ካርቦን ያለው፣ ልክ እንደተባለው።

ያ የንግድ ጓደኛዬ ጋም ሄድኩ። ወረቀቶቹን ስጠኝ ስለው መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። ከዚያ የእኔን ፊት አይቶ ተነሳ። መሳቢያውን ገለባበጠ። ከስድስቱ አራቱን አገኘ። ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል፤ ማኅተሜ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሱቁ ፊት ለፊት ቀዳደድኳቸው።

ሁለቱን ለማን እንደሰጣቸው አያስታውስም። ሰኞ ጠበቃው ያሉኝን ደብዳቤ አስገባለሁ። አዲስ ማኅተምም አስቀርጻለሁ።